ግራው የቅባቱ፣ ቀኙ የእኔ

ጥቅምት 6

ሳሙና ልገዛ ወጣሁ። ሳሙና ብቻ። ጭንቅላቴን መደርደሪያ ላይ አገኘሁት።

ቀልድ አይደለም። ከባለሱቁ ጀርባ፣ በምላጭና በክብሪት መሀል፣ የፀጉር ቅባት ብልቃጦች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ፎቶ ተለጥፏል። አንዱ ሥር "በፊት" ይላል፤ የሳሳ፣ እዚህም እዚያም ቆዳው የሚታይ ራስ። ሌላው ሥር "በኋላ"፤ ወገብ ድረስ የሚወርድ ፀጉር፣ ከጀርባ የተነሳ። በኋላን አላውቃትም። በፊት ግን... ግንባሯ ላይ፣ ፀጉሩ የሚጀምርበት ጋ፣ የግማሽ ጨረቃ ጠባሳ አለባት። ልጅ ሆኜ ከበር ጋር ተጣልቼ ያተረፍኳት ጠባሳ።

"ምን ልስጥሽ?" አለ ባለሱቁ።

"ሳሙና።"

አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ ብልቃጡን። እንደገና እኔን።

"ይቺ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"አይደለሁም።"

"ጠባሳዋ እኮ..."

"ሳሙናውን ስጠኝ።"

ሰጠኝ። ልወጣ ስል ከኋላዬ፣ "ታዲያ በኋላው መቼ ነው የሚመጣልሽ?" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ከልቡ ነው የጠየቀው። ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ።

ጥቅምት 7

ንዴቱ አልበረደም። በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ስናደድ ነገር እዘላለሁና።

ያንን ቅባት የበጠበጥኩት እኔ ነኝ። ኬሚስትሪ ተምሬ ወጥቼ፣ የቅባቱ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ተቀጥሬ፣ ነጭ ካፖርት ለብሼ ሁለት ዓመት የኮኮናትና የጉሎ ዘይት ስመዝን ኖርኩ። ጥሩ ቅባት ነው። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ግን ጥሩ ነው።

ሰኔ ላይ ትኩሳት ጣለኝ። አልጋ ያዝኩ፣ ዳንኩ፣ ሥራ ገባሁ። ሁሉም ነገር አለፈ ስል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ። ሚዶው ላይ፣ ትራሱ ላይ፣ ሾርባው ውስጥ። ሁለት ቀን አለቀስኩ። በሦስተኛው መጽሐፌን ገለጥኩ።

ፀጉር እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አንዷ ዘለላ ዓመታት ትሠራለች፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ታርፋለች፣ ከዚያ ለቃ ትሄዳለች። በቦታዋ ሌላ ትቀጠራለች። በደህናው ጊዜ ሁሉም በየተራው ስለሚለቅ ማንም ልብ አይለውም። ትኩሳት ሲመጣ ግን ሰውነት "አሁን የፀጉር ጊዜ አይደለም" ብሎ ብዙውን በአንድ ጊዜ ያሳርፈዋል። ከወራት በኋላ ተያይዘው ይወጣሉ። ሥሩ ግን አለ። አልሞተም። ቆዳው ሥር ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል።

እኔም ልጠብቅ ወሰንኩ። በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ፣ "ለመታወቂያ ፎቶ ተነሺ" አለኝ። ፎቶ አንሺው፣ "ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ትንሽ ዝቅ፣ ገና ዝቅ" ይለኛል። የምን መታወቂያ ነው ከአናት የሚነሳ? አልጠየቅኩም። ሰውየው መላጣ ነው፤ የሰው አናት ያጓጓው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ ወረቀት መጣ። "ይህ ቅባት በአንድ ወር ፀጉርን ስንዝር እንደሚያስረዝም በሙከራ ተረጋግጧል።" ፈርሚ ተባልኩ። የምን ሙከራ? ፀጉር በወር የትንሿን ጣት ጥፍር ያህል ካደገ በቂው ነው። ስንዝር ካደገማ ሐረግ ነው፣ አልፈርምም አልኩ። መስከረም ላይ የስንብት ደብዳቤ ተሰጠኝ። "ከባልደረቦቿ ጋር መግባባት ያልቻለች።"

አሁን ያለሁት አክስቴ ቤት ነው። ፊት ለፊት የሴቶች ፀጉር ቤቷ፣ ከኋላ ሁለት ክፍል። ትናንት የሱቁን ስነግራት ፎጣ ማጠፏን ቀጠለች። ቀና ብዬ መደርደሪያዋን ባይ ያው ቅባት። ሁሉም ብልቃጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

"አይተሽዋል ማለት ነው?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያዞርኩት፣ የኔ ልጅ።"

ደንበኞቿ የተቀጣ ክፍል መስሏቸው ይሆናል።

ጥቅምት 16

ሰፈሩ ስም አወጣልኝ። በፊት። "በፊት አለፈች።" "በፊትን ጥሯት።"

የከፋው ሌላ ነው። ፀጉሬ መብቀል ጀመረ። እንደማውቀው፣ እንደተጻፈው፣ በራሱ ጊዜ። ግንባሬ ላይ አጫጭር፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ እልኸኛ ፀጉሮች። ደስ ሊለኝ ሲገባ...

"እንኳን ደስ ያለሽ፣ ቅባቱ ሠራልሽ።"

"ቅባት አልተቀባሁም።"

"ይሁን፣ ይሁን። እኔም ልግዛ ይሆን?"

ዛሬ ብቻ አክስቴ ጋ ስንት ብልቃጥ ተሸጠ! አክስቴ ስትሸጥ ዓይኔን አታይም።

ጥቅምት 24

ሥራ አስኪያጁ መጣ። አዲስ ካርቶን ቅባት አስይዞ፣ ሽቶ ተርከፍክፎ። ፀጉር ቤቶችን ራሱ የሚዞረው ሴቶቹ ስለሚወዱት ነው አሉ። ማን እንዳለ እንጃ።

እየጠረግኩ ነበር። ከፊቴ በፊት አናቴን አየ።

"ኧረ እንዴት ያምራል! መብቀል ጀመረ አይደል?"

"ቅባትዎን አልነካሁትም።"

"ሁለት ዓመት በእጅሽ ስትበጠብጪው ኖረሽ? በእጅሽ ገብቷላ፣ እሙዬ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አክስቴ አልሳቀችም፤ ቢጉዲ ማሰሪያ በጥርሷ ይዛለች።

"ፎቶዬን ከብልቃጡ ላይ ያውርዱልኝ።"

"ያንቺ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ? ፊት አይታይም። ጠባሳ ያለበት ሰው ስንት ነው። ደግሞ ለምን ትቸኩያለሽ? ፀጉርሽ ሲረዝም በኋላንም አንቺን እናደርግሻለን።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ፀጉሬ ቢረግፍ በፊት ነኝ። ቢያድግ በኋላ ነኝ። ያባረረኝ ሰው፣ ራሴ ላይ ያለውን ፀጉር ፎቶ እየተነሳ እንዲያገለግለው ቀጥሮታል።

"ቅባቱ ፀጉር አያሳድግም።"

"አያሳድግም? እንግዲያው አሳይኛ። አሳይኝና በገዛ እጄ አወርደዋለሁ።" ወደ ሴቶቹ ዞሮ ጠቀሳቸው።

"ቃሉ ይያዝ!" የሚል ድምፅ ግድግዳውን አናጋው።

እማማ ዳኛ ናቸው። ጡረታ የወጡ ዳኛ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራቸውን በቢጉዲ ተጠቅልለው ካስክ ሥር ይቀመጣሉ። ያ ማድረቂያ ጆሮ ላይ ስለሚጮኽ እዚያ ውስጥ ያለ ሰው መጮኹን አያውቅም።

"ምን አሉኝ?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"በሰው ፊት ቃል ሰጥተዋል አልኩ። ሰምቻለሁ።"

"እዚያ ውስጥ ሆነው?"

"ሠላሳ ዓመት ሰው ሲዋሽ ያዳመጠ ጆሮ ነው። ካስክ አያግደውም።"

እኔ ደግሞ ሳላስብ፣ "ራሴን ለሁለት እከፍለዋለሁ" አልኩ። "ግራውን በየቀኑ በእርስዎ ቅባት። ቀኙን በውኃና በሻምፖ ብቻ። ጥር መጨረሻ ላይ ይለካ። እኩል ከሆነ ፎቶዬ ይወርዳል።"

"ግራው ከበለጠስ?"

"በኋላም እሆንልዎታለሁ። እየሳቅኩ እነሳለሁ።"

ምን ነክቶኝ ነው እየሳቅኩ ያልኩት?

ኅዳር 1

ተላጨሁ።

አክስቴ እምቢ ብላ ነበር። "ገና የበቀለውን? ግፍ ነው።" ሁለት ሯጭ እኩል እንዲለካ መነሻው አንድ መሆን አለበት አልኳት። ማሽኑን ይዛ ቆመች፣ አስቀመጠችው፣ እጇን ታጠበች፣ እንደገና ያዘችው። እንባዋ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ማሽኑ ይንጫጫል።

"ተላጭተሽ እናትሽን መሰልሽ።"

"እናቴ ተላጭታ ታውቃለች?"

"አታውቅም። ግን መሰልሻት።"

እማማ ዳኛ በቅንድብ እርሳስ ከአፍንጫዬ ጀምረው በአናቴ ላይ እስከ ማጅራቴ መስመር አሰመሩ። "ድንበሩ ይኸውላችሁ።" ፎቶ አንሺው መጣ፤ ማዶ ነው ሱቁ። ያ መላጣው። ዓይኑን ከእግሩ አላነሳም።

"መታወቂያ ነው ብለው ነው እኮ እኔንም ያታለሉኝ፣ እህቴ።"

"ጋሼ፣ ከአናት?"

"...እኔም ግር ብሎኝ ነበር።"

ከልቡ አዝኗል። በየሁለት ሳምንቱ አናቴን በነፃ ሊያነሳ ቃል ገባ። አክስቴ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ታጥበኛለች፤ የኋላውን ለራሴ ማየት ስለማልችል።

ኅዳር 10

ግራዬ ያበራል። ቀኜ ድንጋይ መስሏል። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሕፃን እናቷን፣ "ይቺ ሴትዮ ለምንድነው በአንድ በኩል የበራችው?" አለቻት። እናትየዋ፣ "ዝም በዪ፣ ጣትሽን አትቀስሪባት" አለች። ራሷ ግን እስክወርድ ድረስ ስታየኝ ነበር።

የመንገድ አቧራ ግራውን ይወዳል። ትራሴም ግራው ወዝቷል።

ኅዳር 22

ፀጉር ቤቱ ክርክር ቤት ሆኗል።

አንዷ ደንበኛ፣ "ሹሩባውን አጥብቂልኝ፣ ወር እንዲቆይልኝ" አለች። አክስቴ መስተዋቱን አቀረበችላት። "ግንባርሽን እዪው። አምና እዚህ ጋ ነበር ፀጉርሽ። አሁን ወዴት ሸሸ? ከዚህ በላይ ባጠብቀው ዓይንሽ አይከደንም፤ እንደ ዓሣ ገልጠሽ ትተኛለሽ።" እኔም ተደረብኩ። ሥር ያለ እረፍት ሲጎተት ይደክመዋል፤ ካላሳረፉት አንድ ቀን ጨርሶ አይመለስም። ላላ አድርጋ ሠራቻት።

ቀጥሎ ግን እርስ በርስ ተያዝን። አክስቴ ጫፍ ሲቆረጥ ፀጉር ያድጋል ትላለች።

"አክስቴ፣ ከቆዳ የወጣው ፀጉር እኮ በድን ነው። መቆረጡን ለሥሩ በምን ይነግረዋል? በስልክ?"

"አንቺ ሳይንስሽን ያዢ። እኔ ስቆርጥላቸው ይረዝማል።"

እማማ ዳኛ ከካስኩ ሥር ሆነው፣ "ሁለቱም ወገን ማስረጃ ያቅርብ" ብለው ጮኹ።

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። ሳይቆረጥ የቆየ ጫፍ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሽቅብ ይወጣና ፀጉሩ ከላይ ባደገው ልክ ከታች ይሰበራል። የተቆረጠው አይሰበርም። ስለዚህ ይረዝማል... ልክ ናት እንግዲህ፤ ምክንያቷ ነው የተሳሳተው። ነገርኳት።

"እኔስ ምን አልኩ?" አለች።

ታኅሣሥ 5

ትራሴ በቀኝም ወዝቷል። ተገላብጬ ተኝቼ ይሆናል።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ ፎቶ። ጋሼ ካሜራውን አስቀምጦ በሩን አየና ጠጋ አለኝ።

"እኔ ላይስ ይሠራ ይሆን? እንዲያው ለጠቅላላ እውቀት።"

"ጋሼ፣ ሥር ከሌለ ምኑ ይበቅላል?"

"ሥሩማ አለ። ተኝቶ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተኛው?"

"ከሠርጌ ማግሥት።"

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ሦስት ፎቶ ተበላሸ።

ጥር 4

ሚዶ ያዘልኝ። በሁለቱም በኩል። በመስተዋቱ ፊት ቆሜ እንደ ሞኝ ሳበጥር ቆየሁ።

ጥር 29

ሁሉም ተገኝቷል። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ከረባት አድርጓል። ፀጉር ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፍቶ ሴቶቹ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተደግፈዋል። እኔ ወንበሩ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቴ ላይ።

እማማ ዳኛ መነጽራቸውን አደረጉ። ፀጉሬ ስለሚጠቀለል ዘለላውን ሳብ፣ ቀጥ እያደረጉ በማስመሪያ ለኩ። ከግራ ከግንባር፣ ከግራ ከጆሮ በላይ፣ ከግራ ከማጅራት። ከዚያ ከቀኝ እንደዚያው።

"እኩል ነው" አሉ።

ጭብጨባ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ኩም አለ። ከወንበሩ ልነሳ ስል...

"እኔ የምናገረው አለኝ።"

አክስቴ ናት። ፎጣ በእጇ እየጠመዘዘች።

"ቀኙንም ቀብቼዋለሁ።"

"ምን?"

"ዓርብ ዓርብ ሳጥብሽ። ዓይንሽን ሻምፖ እንዳይገባበት ስትጨፍኚ። አንጀቴን በላኝ፣ የኔ ልጅ። ግራው ጠግቦ እያደረ ቀኙ ጦሙን ሲያድር እንዴት አስችሎኝ ልየው? ደግሞ ተንሻፎ ቢያድግብሽስ? ማን ያይሻል? እኩል ይሁን ብዬ ነው... አሁን እማማ ዳኛ ሲለኩ ነው ውሸት መሆኑ የገባኝ።"

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ መሳቅ ጀመረ። ከሆዱ። "እንግዲያው ሁለቱም ያደገው በኛ ቅባት ነዋ! በኋላን መቼ እንነሳ?"

እማማ ዳኛ፣ "ማስረጃው ተበላሸ እንጂ አልተፈረደም" አሉ። ሰው ግን እየተበተነ ነበር።

ጥር 30

ከአክስቴ ጋር አልነጋገርም። በሁለት ክፍል ቤት ይህ ቀላል አይደለም። "ድመቷ፣ ጨው የት እንዳለ ብትነግሪኝ።" "ድመቷ፣ ጨውማ እንደ ወትሮው መስኮቱ ላይ ነው በያት።"

ድመቷ ተጨናንቃለች።

የካቲት 2

ምን ነበር ብትዋሽ? ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። አሸንፌ ነበር። ዝም ብትል ማን ያውቅ ነበር?

...እኔስ ለምንድነው ያንን ወረቀት ያልፈረምኩት?



የካቲት 3

ዛሬ በር ሳይከፈት በፊት አክስቴ ራሷ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ነጩን ጨርቅ አንገቷ ላይ አስራ። ማሽኑን ዘረጋችልኝ።

"ላጪኝ።"

የአክስቴ ፀጉር... እንዴት ልጻፈው? ትከሻዋ ላይ የሚተኛ፣ ወፍራም፣ ጥቁር። ካውያ ነክቶት አያውቅም። ርጥቡን ከጫፍ ጀምራ በሰፊ ጥርስ ሚዶ ነው የምትፈታው፤ ፎጣ አታሻሸውም፣ ትጨምቀዋለች እንጂ። በሯ ላይ ያለው ጽሑፍ ከደበዘዘ ቆይቷል፤ ሰው የሚመጣው እሷን አይቶ ነው።

"አክስቴ፣ ተይ።"

"ተናገርሽኝ እንዴ? ድመቷ መሰለችኝ።"

"ደንበኛ ይሸሽሻል። መላጣ ፀጉር ሠሪ ማን ያምናል?"

"ይሽሽ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በኔ ራስ ይጣራ። ግራውን አንቺ ቀቢ። አንቺው እጠቢ። እጄ ቀኜን ሲነካ ካየሽ ምቺው።"

ማሽኑን ያዝኩ። አስቀመጥኩት። እጄን ታጠብኩ። እንደገና ያዝኩት። አሁን እኔ ነኝ አንገቷ ላይ የማንጠባጥበው።

"ተላጭተሽ እናቴን መሰልሽ" አልኳት።

"እህቴ አይደለች?"

የካቲት 17

ደንበኛ ቀንሷል። አንዷ በሩን ከፈተች፣ አክስቴን አየች፣ "ቤት ተሳሳትኩ" ብላ ዘጋችው። ሰባት ዓመት የመጣችበትን ቤት።

ሥራ አስኪያጁ በስልክ፣ "ያሻችሁን ያህል ተላጩ" ብሎ ሲስቅ እማማ ዳኛ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "የቀድሞው ቃልዎ እንደጸና ነው ማለት ነው?" ዝም። "ዝምታዎ ተመዝግቧል።"

ጋሼ ባርኔጣ ማድረግ ጀምሯል። ብርድ ነው ይላል። የምን ብርድ?

መጋቢት 11

ሳጥባት ቀኟን እያሻሸሁ፣ "ያሳዝናል አይደል?" አለችኝ።

"ዝም በዪ።"

"ጠብታ ብቻ። ለጠረኑ።"

"አክስቴ!"

"ድመቷን ነው ያልኩት።"

ልናደድባት ስል እጄ ቆዳዋን ቀስ ብሎ ሲያሽ አየሁት። ልጅ ሆኜ እንዲህ ነበር የምታጥበኝ። ትኩሳቱ ጥሎኝ ሲነሳም እንዲሁ። ለዚያች ሴት ፀጉር ማለት የሚራብ፣ የሚጠግብ፣ የሚከፋው ነገር ነው። ስህተቷ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ከሳይንስ ጉድለት አልነበረም።

በዚያ ላይ እሷን እየጠበቅኩ ራሴን ረሳሁት። የኔው ፀጉር ጠባሳዬን ሸፍኖታል። ግራም ቀኝም የለውም። ዝም ብሎ ፀጉር ነው።

ሚያዝያ 27

ዛሬ ሆነ።

እማማ ዳኛ አክስቴን ለኩ። ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ማስመሪያውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጡት፤ እሱም ለካ። እኩል ነው። አንዴ ቀኙ ትንሽ በልጦ ሲያገኘው ደግሞ ሞከረ።

"ቀኙን ቅባት አልነካውም" አሉ እማማ ዳኛ። "እኔ በየዓርቡ ቆሜ አይቻለሁ። የሚሉት አለ?"

ጉሮሮውን ጠረገ። እውነቴን ነው፣ አሰበበት።

"ጥሩ ቅባት ድንበር አያውቅም። በግራ ቆዳ ገብቶ፣ ውስጥ ለውስጥ ወደ ቀኝ ተሻግሮ ነው ሁለቱንም ያሳደገው።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ልታምነው ነው። አየኋት። አፌን ከፈትኩ፤ ስለ ሥር፣ ስለ ደም ሥር፣ የተማርኩትን በሙሉ ላወርድበት። እማማ ዳኛ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

"ሌላ ምስክር አለ።"

ጋሼ ከጥግ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ።

ግራው... እንዴት እንደሚያበራ! የጣሪያው አምፖል ውስጡ ይታያል። ቀኙ ደብዛዛ። መሀሉ ላይ በቅንድብ እርሳስ የተሰመረ ድንበር። ከየካቲት ጀምሮ በየማለዳው ሲቀባ፣ እማማ ዳኛ በየቅዳሜው ሲያሰምሩለት ኖሯል ለካ። አንዲት ዘለላ የለችም። ግራም፣ ቀኝም።

"ከኔ ጋ ሲደርስ ምን ነካው ጌታዬ?" አለ በትሕትና። "መንገድ ጠፍቶት ነው?"

ሳቁ ከመታጠቢያው ጀምሮ ደጅ ያሉት ድረስ ሄደ። ልታምነው የነበረችው ናት ከሁሉም በላይ የሳቀችው፤ ወንበር ይዛ ቁጭ አለች። እሱ የሚያየው ቦታ ጠፋበት። ዓይኑን ባዞረበት ሁሉ የጋሼ አናት አለ።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ያለው ሲያልቅ በአዲሱ ላይ..."

"በገዛ እጄ ነው ያሉት" አሉ እማማ ዳኛ።

አክስቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አመጣችለት። ከመደርደሪያው ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው አዙራ ፊቱ ደረደረች። ከረባቱን ወደ ትከሻው ጥሎ፣ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር። ወረቀቱ እየተቀደደ ግማሽ በግማሽ ይቀራል። ግንባሬ ወርዶ ጠባሳዬ አልወርድም ትላለች። እልኸኛ ናት።

አሳዘነኝ። ትንሽ። ኬሚስት ኬሚስት ነው።

"በውኃ አይለቅም" አልኩት። "ሙጫው ዘይት ነው የሚፈራው። ከቅባቱ ትንሽ ያፍስሱበትና ይጠብቁ።"

አየኝ። ያሾፍኩበት መሰለው። አንዱን ከፍቶ በጣቱ ቀባው። ጥቂት ቆየ፤ ወረቀቱ ሙሉውን ተላጦ እጁ ላይ መጣ። በፊትም፣ በኋላም።

"ይሠራል" አለ ሳያስበው።

"ጥሩ ቅባት ነው አላልኩም? እኔ ነኝ የበጠበጥኩት።"

ግንቦት 18

ሳሙና ልገዛ ወጣሁ።

አዲስ ብልቃጥ መጥቷል። ፎቶ የለበትም፤ አንድ ቅጠል ተስሎበታል። "ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ከመሰባበር ይጠብቃል።" በቃ። ስንዝሩ ጠፍቷል። አንዲት የተሳሳተች ቃል ዓይኔን አፍጥጬ ፈለግኩ። የለም።

"በፊት ሄደች ማለት ነው?" አለ ባለሱቁ።

"ሄደች።"

"በኋላዋስ?"

"እሷንም ይዛት ሄደች።"

ፀጉሬን አየ። ጆሮዬን ሸፍኗል፤ ንፋስ ሲመጣ ይነሳል። "ታዲያ ምን ተቀብተሽ ነው?"

የዛሬ ሰባት ወር ቢሆን ሱቁን በሙሉ አስተምረው ነበር። "ከትኩሳት ዳንኩ" አልኩት። "ሳሙና ስጠኝ።" ልወጣ ደፉ ላይ ስደርስ ተመለስኩ። "አንድ ቅባትም ጨምርልኝ።"

ቤት ስደርስ አክስቴ ደጃፍ ቆማ አዲስ ደንበኛ እያሳቀች ነው። አጭር ፀጉሯ አምሮባታል፤ ሁለት ሴቶች እንደሷ ቁረጪን ብለዋታል። ብልቃጡን ስታይ ደነገጠች።

"ለማን ነው?"

"ጫፌ ደርቋል። መሰበር ጀምሯል።"

አስቀመጠችኝ። እጇን በፎጣ ጠረገች፣ ትንሽ መዳፏ ላይ አፍስሳ በእስትንፋሷ አሞቀችው። ግራውን ቀባችልኝ። ቆመች። በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ፤ እጇ አየር ላይ ነው።

ዓይኔን ጨፈንኩላት።